ጋቢና የሚቀመጠው ሰው

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ አንዲት ነጭ የቤት መኪና መሞከር ነበር። ሐሙስ ቀን ነው፣ ከቁርስ በኋላ። ከካዛንቺስ ተነስተን በመስቀል ፍላወር አድርገን እስከ ወሎ ሰፈር ሄድን፤ ዞረን ተመለስን። እኔ መሪ ይዣለሁ፤ እሱ ጋቢና ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኗል። ለማያውቀን ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። እያዳመጠ ነበር። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ስደርስ፣ “ይኸውና፣ ታላዝናለች” አለ። ሳትጠገን እንዳትሸጥ ተስማማን። ቤት ገብተን ሽሮ በላን፤ እሱ ጋደም አለ። በዘጠኝ ሰዓት ሻይ አፍልቼ ስቀሰቅሰው አልነቃም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ።

ባለቤቴ ሃያ ዓመት ያህል መኪና ሲሸጥ ኖሯል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት መኪና ሲነዳ አላየሁትም።

ምክንያቱን ከመጋባታችን በፊት አንድ ጊዜ ነግሮኛል። በቀድሞው ጦር ውስጥ አሥር አለቃ ነበር፤ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። “ቁስለኛ ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን እምቢ አለኝ። እኔ ተረፍኩ” አለኝ። ወዲያው ቀጥሎ፣ “አንቺ መንዳት ትችያለሽ?” ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ ሴት ስትታጭ የሚጠየቀው ወጥ መሥራት ትችል እንደሆነ ነው። አልችልም አልኩት። ትማሪያለሽ አለኝ፤ ተማርኩ። መንጃ ፈቃዴ ከጋብቻ ወረቀታችን ቀድሞ ወጣ። ስለዚያ ቁልቁለት ሁለተኛ አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ለሌላው ሰው ዓይኔን ያመኛል ይል ነበር፣ ከመንገድ ማዶ የቆመች መኪና ታርጋ እያነበበ።

ጦሩ ሲበተን ካዛንቺስ አንድ ጋራዥ ደጃፍ እየቆመ ማሻሻጥ ጀመረ። ኋላ ከጋራዡ ጎን በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ተከራየና እያደሰ የሚሸጣቸውን አራት አምስት መኪኖች ያቆምበት ነበር። እኔ የምሠራው እዚያው አቅራቢያ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ገዢ ሲመጣ በምሳ ሰዓቴ እወጣለሁ። ገዢው ከኋላ፣ ባለቤቴ ጋቢና፣ እኔ መሪ ላይ ሆነን ሰፈሩን እንዞራለን። ሰዎቹ ግር ይላቸዋል። አንድ ነጋዴ፣ “ጋሼ፣ የሚሸጡት ከነሾፌሯ ነው እንዴ?” ብሎ ጠየቀው።

“የሾፌሯ ሊብሬ አልወጣም” አለው።

ከአጥሩ ጎን ሱቅ የነበረው ልብስ ሰፊ ደግሞ የራሱ ቀልድ ነበረው። “አንተ አሥር አለቃ፣ ዛሬም ሚስትህ ናት የምትነዳህ?” ይለዋል። ባለቤቴም ማዕረጉ ተቀንሶበት እንደሆነ ይነግረዋል። ይህ በየቀኑ አንድ ጊዜ ይባላል፤ ሁለቱም በየቀኑ አንድ ጊዜ ይስቃሉ።

ለሽያጭ የቆመ መኪና በእሱ ዘንድ የሰፈሩ መኪና ነበር። ምጥ የያዛት ትመጣለች፣ በሽተኛ ያለው ይመጣል፣ ሰርግ የደረሰበት ይመጣል። እምቢ ሲል ሰምቼው አላውቅም። አንዴ ለሰርግ የሰጠናትን መኪና በአበባ ስናሸበርቅ ውለን፣ የኋላ መስተዋቷ ላይ የተለጠፈውን “የሚሸጥ” የሚል ወረቀት ማንሳት ረሳን። ሙሽሪት ፎቶው ላይ ከወረቀቱ አጠገብ ቆማ ፈገግ ብላለች። አማቷ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። መኪናዋ ግን በማግስቱ ተሸጠች፤ የገዛትም ከአጃቢዎቹ አንዱ ነው።

ለጋስ ነው ይሉታል፤ ነበርም። ግን እሱ እሺ ሲል ጫማዋን የምታጠልቀው እኔ ነበርኩ።

አንድ እሑድ እምቢ አልኩ። ወንድሟ ደብረ ዘይት የሞተባት ጎረቤታችን ለቀብር እንድናደርሳት መጣች። ሳምንቱን ሙሉ ስነዳ ከርሜያለሁ፤ ልብስ ዘፍዝፌያለሁ። እኔን ሳይጠይቅ እሺ ብሏት ስለነበር ተናደድኩ። “እሺ ያልከው አንተ ነህ፣ አንተው ንዳ” አልኩት።

ቁልፉን ይዞ ወጣ። በመስኮት አየሁት። በሾፌሩ በር ገብቶ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሞተሩ አልተነሳም። ልብሱን አጥቤ ግማሹን አሰጣሁ፤ አሁንም አልተነሳም። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ሄድኩና በሩን ከፈትኩት። የሸሚዙ ጀርባ ርሷል።

“መቀመጫው ላንቺ ቁመት ነው የተስተካከለው” አለኝ።

“አውቃለሁ። ወዲያ ዙር” አልኩት።

ዞሮ ጋቢና ገባ። እስከ ደብረ ዘይት ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ሄደ፤ መኪናዋ የምትሞከር አልነበረችም። ለቀብሩ ደረስን። ስለዚያ እሑድ ተነጋግረን አናውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ለሰው እሺ ከማለቱ በፊት ወደ እኔ ይመለከት ጀመር።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ስለ እሱ ማውራት ጀመረች። ከዓመታት በፊት በምጥ ተይዛ ያደረስናት ናት። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ክላክስ እያደረገ፣ አይዞሽ እህቴ እያለ ሐኪም ቤት እንዳደረሳት ተናገረች። ክላክሱ የኔ ነበር። አይዞሽ ያለው እሱ ነው። አጠገቧ የተቀመጡ አዛውንት ተቀበሏት፤ እሳቸውንም አድርሷቸዋል፣ አነዳዱም ረጋ ያለ ነበር፣ ወታደር ነዋ። ከእሳቸው በኋላ ሌላው ቀጠለ። ባለቤቴ ሃያ ዓመት ያልነዳውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ነድቶ ጨረሰው።

ልጄ አጠገቤ ፍራሹ ላይ ነበረች። “እማዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ” አለችኝ በጆሮዬ። ጉልበቷን ያዝ አደረግኩት። አንድ ጎልማሳ ግን ግራ ተጋብቶ፣ “ይነዱ የነበሩት እትዬ አይደሉም እንዴ?” አለ። ሰው ሁሉ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ፤ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ እኔን አየኝ።

“ሲነዳ አይቼዋለሁ” አለ። “እንደ እሱ የሚነዳ ሰው አላየሁም።”

ከዚያ እጁን ሰድዶ ንፍሮ ዘገነ። ነገሩ በዚሁ አበቃ።

የዚያን ቀን ዝም ማለቴ ትክክል መስሎኝ ነበር። የደበቀውን ደበቅኩለት። ውሎ ሲያድር ግን ቅር አለኝ፤ ያመሰገኑት ባልሠራው ሥራ ነው። የሠራው ሌላ ነው። ሰው ጭኖ መሄድ እንደዚያ የሚያስፈራው ሰው፣ አንድም ቀን “አንቺ አድርሻቸው፣ እኔ እዚህ ልጠብቅ” ብሎኝ አያውቅም። ምጥ ቢሆን፣ በሽተኛ ቢሆን፣ ሬሳ ቢሆን፣ ሁልጊዜ አብሮ ይገባል። ድንኳኑ ውስጥ ይህን የተናገረለት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። አንዷን ገጽ ለመጻፍ ሳምንት እየፈጀብኝም ቢሆን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ከአርባው በኋላ መኪኖቹን ሸጥን፤ ቦታውንም ለባለቤቱ አስረከብን። አንዷን አስቀረሁ። ልጄ ምን ታደርግልሻለች ብላ ጠየቀችኝ። በሳምንቱ የጎረቤት ልጅ መጣች። እናቷ ኩላሊታቸው ደክሞ እጥበት ታዞላቸዋል። “ጋሼ ቢኖሩ ኖሮ…” ብላ ጀመረችና አቆመች። የሚለምኑት እሱን ነበር፤ እኔን በቀጥታ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እምቢ ብል የሚሰማኝ እሱም የለም።

“መቼ መቼ ነው?” አልኳት።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት እናቷን ሐኪም ቤት አደርሳቸዋለሁ። እስኪጨርሱ ድረስ መኪናው ውስጥ ሆኜ እጽፋለሁ። ከዚያ ወደ ቤታቸው እመልሳቸዋለሁ።