አባቴና የወንድሜ ስምንት ሲሊንደር

ቅናት ነው። ሰው «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ሲለኝ «ሺፍት በዝቶብኝ ነው» እያልኩ አልፌዋለሁ እንጂ፣ ጥርት ያለ ቅናት ነው፤ በሰው እንኳ ቢሆን ጥሩ፣ በመኪና! ሃምሳ ዓመት አልፎኝ፣ ለንደን ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ እየነዳሁ ራሴን ችዬ ስኖር፣ አንዲት የዛገች የአሜሪካ መኪና መጥታ አባቴን ቀማችኝ።

ታናሽ ወንድሜ ክሮይደን ይኖራል፤ የቤት ማሞቂያ ቦይለር ይጠግናል። አባታችን ከአዲስ አበባ ከመጡ ጀምሮ እሱ ጋ ናቸው፤ የእሱ ቤት ደረጃ የለውም፣ አርችዌይ ያለው የኔ ፍላት ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱም ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚሠራው። እስከዚህ ድረስ አልከፋኝም። አባባ ዕድሜ ልካቸውን መካኒክ ነበሩ። ወጣት ሳሉ የሚሠሩበት ጋራዥ አንድ ሀብታም ሰው ሁለት በር ያላት የአሜሪካ መኪና ለጥገና አምጥቶ ነበር፤ ኮፈኗ ረጅም፣ ሞተሯ ስምንት ሲሊንደር፣ ስትነሳ የጋራዡን ቆርቆሮ የምታንቀጠቅጥ። ሥሯ ተኝተው ሠሯት፣ ባለቤቷ መጥቶ ወሰዳት፣ ከዚያ በኋላ አገር ውስጥ ሁለተኛ አላዩዋትም። ይህን ታሪክ እኔና ወንድሜ በቃላችን ነው የምናውቀው። አባባ ስለ እናታችን ሲያወሩ እንኳ ድምፃቸው እንደዚያ አይለሰልስም ነበር።

አንድ ቀን ወንድሜ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ አገኘኋት! የአባባን መኪና አገኘኋት። እዚሁ እንግሊዝ፣ አንድ ፋርም ውስጥ።»

«መንገድ ላይ ትወጣለች?»

«ኧረ ወለልም የላትም፤ ዶሮ ሲያድርባት ነው የኖረችው። ግን ኢንጂኑን ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ይዳናል። ደግሞ ሬር ናት እኮ፤ እዚህ አገር በጣት የምትቆጠር ናት።»

ዶሮ ያደረባትን መኪና ጎትቶ አመጣት። ከሚኖርበት ሕንፃ ጀርባ ጋራዥ ተከራይቶ አስገባትና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ የሷ ሆኑ።

የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ፣ ምድር ለምድሩንም ሌላውንም ባቡር ቀያይሬ ከአርችዌይ ክሮይደን ድረስ እሄዳለሁ። ጋራዡ ስደርስ የወንድሜ እግር ከመኪናዋ ሥር ተዘርግቷል። አባባ ካፖርታቸውን ደርበው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። «መጣሽ? በይ ያንን መብራት ወደዚህ ያዥልን» ይሉኛል። ሰላምታዬ ይኸው ነው። ስም እንኳ አውጥተውላታል፤ «ልጅቱ» ነው የሚሏት። ልጅቱ ዛሬ ፍሬኗ ተሠራላት። ልጅቱን ብርድ እንዳይመታት በሩን ዝጊው። እኔ እዚያው ቆሜ ጉንፋን ይዞኝ ሳስነጥስ ግን ዞር ያለ አልነበረም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። በልጅነታችን ከትምህርት ቤት መልስ አባባ ጋራዥ እየሄድኩ መፍቻ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ የዘይት ጠብታ ልብሱን ከነካው የሚያለቅስ ልጅ ነበር። አባባ አሁን «ካምቢዮው ይውረድ» ሲሉት ስልኩን አውጥቶ «ጊርቦክስ ማለትዎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ማርሚታዋን ቀይርላት» ሲሉት የጭስ ማውጫውን ትቶ ሌላ ብረት ይነካካል። እኔ መብራት እንደያዝኩ ሁሉንም አውቀዋለሁ፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም። መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፣ በጋራዡ ፒክአፕ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ ያወጣው እዚህ ለንደን ነው።

እኔ ከአባቴ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያስተማሩኝን ስነዳ አይተው አንዲት ቃል እንዲሉኝ ነው። የአውቶቡስ ፈተናውን አልፌ አዲስ አበባ ስደውልላቸው «እንኳን ደስ አለሽ፣ ወንድምሽ ደህና ነው?» ነበር ያሉኝ። ቆይ፣ ለንደን ሲመጡ ያዩኛል ብዬ ዋጥኩት።

መጡ፣ ግን አውቶቡሴ ላይ ሳይወጡ ከረሙ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ተቀጣጠርን፤ ወንድሜ ካምደን ድረስ ያመጣቸውና ፌርማታው ላይ እኔን ይጠብቃሉ። ዩኒፎርሜን የሰርግ ልብስ ይመስል ተኮስኩት። ፌርማታው ጋ ስደርስ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ሁሉ አባባ እየመሰለኝ አንገቴን አሰገግሁ። የሉም። ዞሬ ስመለስም የሉም። ስነዳ ስልክ አልነካም፤ ለምሳ ስወርድ መልእክታቸውን ሰማሁት። «ልጄ፣ ዛሬ ሞተሯ ሊገባላት ነው፤ ማንሻው የተገኘው ለዛሬ ብቻ ነው። አውቶቡሱ እንደሆነ የትም አይሄድም» ይላል።

የትም አይሄድም! አውቶቡስ እኮ ነው። የሠራተኛ ማረፊያው ውስጥ ሳንድዊቼን እንደያዝኩ ከንዴቴ የተነሳ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጠብኩና ተመልሼ ነዳሁ።

መኪናዋ አለቀች። ቆንጆ አይደለችም ብል ውሸታም ነኝ። ወንድሜ ጥቁር ሰማያዊ አስቀብቷታል፤ ኮፈኗ ላይ ፊትሽን አይተሽ ኩል መኳል ትችያለሽ። ከአሜሪካ ያስመጣው የጎን መስመሯ፣ የመስኮቷ ጎማ፣ የበሯ መክፈቻ፣ ሁሉም ስትወለድ እንደነበረው ነው። ሰፈርተኛው እያቆመ ፎቶ ያነሳታል። መጀመሪያ ስትነሳ ሰማኋት፤ ድምፁ ሆዴ ውስጥ ነው የገባው። እኔም ወደድኳት። ይኼ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ አባቴን ስለወሰደችብኝ በሷ ስቀና የኖርኩት ሳያንስ፣ የወንድሜ ስለሆነች ደግሞ በእሱ እቀና ጀመር። አንድ ጊዜ መሪዋን እንድይዝ ቢፈቅድልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ለምኜው ግን አላውቅም። ከምለምነው እጄ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር።

መኪና ሲገዛ ማስመረቅ ወጋችን ነው። ያለ ጸሎትና ያለ ጠበል መንገድ የወጣች መኪና ላይ እኛ ቤት በሙሉ ልብ የሚሳፈር የለም። ወንድሜ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱንና ጥቂት ዘመድ ወዳጅ ጠራ። ጋራዡ ፊት ለፊት ተሰብስበን ሳለ፣ አንዱ ሽማግሌ «አባ፣ እርስዎ ይባርኳት፣ ከፊት ይግቡ!» አሉ። ቄሱ ለንደን ከገቡ ዘመን አልፏቸዋል። እዚህ አገር መሪ በቀኝ፣ እንግዳ በግራ ነው፤ የአሜሪካ መኪና መሪዋ ደግሞ እንደ አገር ቤት በግራ። ሰውየው በለመደ እግራቸው ወደ ግራው በር ሄደው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መሪው ላይ ጉብ!

ማን ይናገር? ቄስ ከተቀመጡበት ተነሱ አይባል። ሁላችን አንገታችንን ደፋን። እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው፣ እዚያው ሆነው ጸሎታቸውን አደረሱ፣ ጠበሉን መሪው ላይም ሰዓቶቹ ላይም ረጩ። ወንድሜ በመስኮት እያየ የመወልወያ ጨርቁን በእጁ ያፍተለትላል፤ ያ ሁሉ አዲስ የወንበር ቆዳ! ጨርሰው ሲወርዱ ግን «ለካ ሹፌር አድርጋችሁኛል! መንጃ ፈቃዴን ሳትጠይቁ?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ከሳቁት አንዷ ነኝ። ለአፍታ ቅናቴን ረስቼው ነበር።

ከምርቃቱ ቀጥሎ ሰዉ ለምግብ ወደ ቤት ሲገባ እኛ ሦስታችን ለመጀመሪያው ዙር ወጣን። ወንድሜ መሪውን ያዘ፣ አባባ በቀኝ በኩል ጋቢና ገቡ፣ እኔ ጉልበቴን አጥፌ የኋላ ወንበር ላይ ተሸጎጥኩ።

ገና ከመንደሩ ሳንወጣ ነገሩ ታወቀ። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ማርሽ የቀየረው በግራ እጁ ነው። እዚህች መኪና ላይ ማርሹ በቀኙ ነው፤ ግራ እጁ ግን ሄዶ ሄዶ የበሩን መያዣ ይጨብጣል። ይደነግጣል፣ ቀኝ እጁን ይሰድዳል፣ ማርሹ ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር አባባ ጥርሳቸው የተነቀለ ያህል ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ ምን እንደተሰማኝ ልናገር፤ ደስ አለኝ። ጠበል በተረጨባት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ደስ አለኝ።

የትራም ሐዲዱ ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ መብራቱ ላይ አረንጓዴ ሲበራ ሞተሩ ቀጥ አለ። አስነሳው፣ ዘለለች፣ እንደገና ቀጥ። ከኋላችን ጥሩንባው በረታ። ወንድሜን አንገቱ ድረስ ላብ አጠመቀው።

«እህቴ፣ ፕሊስ፣ አንቺ ነጂያት» አለ ዞር ብሎ።

«ኢንሹራንስስ?»

«አንቺንም አድ አድርጌሻለሁ እኮ። ከመጀመሪያው ነው ያደረግኩት፤ ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ብዬ ነው።»

ይኸው፣ እሱ እንደዚህ ነው። በሰላም እንድጠላው እንኳ አይፈቅድልኝም።

ወረደ፣ ወረድኩ፣ የሚጮኹትን ሰዎች እጄን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኩና መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጄ ያኔ በፒክአፑ እንደለመደው፣ ማንም ሳያዘው ማርሹ ላይ አረፈ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፣ አስነሳኋት፣ ለቀቅ አደረግኩት፤ ሐዲዱን እንደ ውኃ ተሻገረች። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ኮፈኗ ከፊቴ ረዝሞ ተዘርግቷል፣ ሞተሯ እግሬ ሥር ያጉረመርማል፣ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ያየናል። ከሚያዩንም ውስጥ አንድ የኔው ዓይነት ቀይ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው መብራቱን ብልጭ አደረገልኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ነድቼ አላውቅም።

አባባ ፊት ማጨማደዱን ተዉት። ትከሻቸው ወረደ። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ወንበሩ ላይ አሳረፉ፤ ፊታቸው የዚያ የወጣቱ መካኒክ ፊት ሆነ። አሁን ይሉኛል፣ አሁን፣ ብዬ መንገዱን እያየሁ ጠበቅኩ።

«እጁ ይባረክ!» አሉ። «ይኼን ድምፅ ስሙት። ልጄ እንዴት አድርጎ ሠራት!»

ቀኝ እጄ ማርሹ ላይ ነበር፣ ከጉልበታቸው አንድ ስንዝር በማይሞላ ቦታ።

ወንድሜ ከኋላ ጠጋ አለና «አባባ፣ የምትነዳው እኮ እሷ ናት። እኔ ስይዛት እንዲህ ነበረች?» አላቸው።

አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ልጅቱ እንዲህ ሆና ከተሠራች ግን ማንም ይነዳታል።»

ከፊታችን ዳገቱ ጀመረ። ማርሽ ቀነስኩ። ሳይጮኽ ገባ፤ ይኼንንም ያስተዋለልኝ የለም።