የአባቴ ባዶ ቀፎ

«ንብ በአበባ እንጂ በልመና አትመጣም» ይል ነበር አባቴ። ልጅ ሳለሁ ጆሮዬን ቀፎው ላይ አስደግፎ ጩኸታቸውን ያሰማኝ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ግን ቀፎው ባዶ ቀረ። ዘንድሮ ጊምቢቹ ባለው የስንዴ ማሳዬ ዳር የሣርና የዱር አበባ ዘር ቀላቅዬ ዘራሁ፤ ንብ እንዲመጣልኝ መጸለዩንም አልተውኩም። ጎረቤቴ ማርቆስ፣ «ሰው አረም ይነቅላል፣ አንተ ትዘራለህ?» እያለ ሳቀብኝ።

አበባው በፈካ ሰሞን የንብ መንጋ መጥቶ የአባቴ ቀፎ ውስጥ ገባ። «ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» ብዬ ሳልጨርስ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። ለካ የኮበለሉ ንቦቻቸውን እየተከተሉ ኖሯል። በእኛ አገር ደግሞ መንጋውን ተከትሎ የደረሰ ባለቤት ይወስዳል። ከቀፎው ገለል ብዬ፣ «ይውሰዷቸው፣ አባባ» አልኳቸው። አበባውን ቆመው ሲያዩ ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦

«ተው ልጄ፣ እነሱ መርጠዋል። አበባው ዘር ሲይዝ ለእኔም እፍኝ አስቀምጥልኝ።»