ማር የማይቀላቀልበት ቅባት

የምሥራች በየማለዳው ማሩ የተጨመቀለትን ሰፈፍ በትልቁ ብረት ድስት ትጥድና ውሃ ጨምራ፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ በረጅም እንጨት ታማስለዋለች። ፊቷን ማዞር የጀመረችው በቅርቡ ነው። ድሮ እንፋሎቱ ላይ ተደፍታ ነበር የምታማስለው፤ ሰሙ ከእድፉ ሲለይ በዓይኗ ካላየች አታምንም ነበርና። የቀለጠውን በጆንያ ጨምቃ ታጠልለዋለች። ሲረጋ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ነጋዴዎችም ከጅማ መጥተው ይወስዱታል። ማርና ሰፈፉን ከማንኪራ ገበሬዎች ትገዛለች። በቦንጋ ገበያ ሰሟ ስም አለው።

ፊቷም ስም አወጣ። ዕድሜዋ ወደ አርባ ሲጠጋ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ይቀሉ ጀመር። መጀመሪያ መቅላቱ መጥቶ ይሄድ ነበር፤ ኋላ ግን መጥቶ ቀረ። ቀጫጭን የደም ሥሮች ቆዳዋ ላይ ተዘረጉ፤ ብጉር የሚመስሉ ነገሮችም ወጡ። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንድ ደላላ፣ «ማሩን ትሸጪዋለሽ ወይስ ጥለሽ ትጠጪዋለሽ?» ብሎ ሰው አሳቀባት።

ለሌላ ሰው ቢሆን ቀልድ ነበር። የምሥራች ግን ጠጅ ቀምሳ የማታውቅ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በጸሎት ቤቱ ኳየር ስትዘምር የኖረች ሴት ናት። ቀልዱ ከገበያ ወጥቶ ጸሎት ቤት ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም። አንዲት እህት በር ላይ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ «የምሥራችዬ፣ የምንጸልይበት የተደበቀ ነገር ካለ ንገሪን እንጂ» አለቻት። በሚቀጥለው እሑድ የምሥራች የኳየሩን ልብስ ሳትለብስ መጣች፤ ከኋላ ወንበርም ተቀመጠች።

ጸሎት ቤቱ ከግቢዋ በታች ነው። ረቡዕ አመሻሹ ላይ ልምምድ ሲጀመር ዜማው ዳገቱን ወጥቶ ቤቷ ድረስ ይመጣል። ሁለተኛው ድምፅ የእሷ ነበር። አሁን ቤዚ የምትባል ወጣት ይዛዋለች፤ ደህና አድርጋም ይዛዋለች። ብቻ ስንኙ ሲያልቅ፣ የምሥራች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታቆይበት በነበረው ቦታ ላይ ቶሎ ትቆርጠዋለች። የምሥራች አጥሩን ተደግፋ ያቺን የተቆረጠች ቦታ አፏን ሳትከፍት ታዜማታለች። ከዚያ ወደ ቤት ትገባለች።

ጎረቤቷ እትዬ ወሰንየለሽ ይህን አይታ ነው አንድ ቅባት ይዛላት የመጣችው፤ ያለ ሐኪም ወረቀት ከሱቅ የተገዛ።

«በሳምንቱ የሕፃን ፊት ያደርግሻል።»

እውነትም በሳምንቱ ጠፋ። ቅባቱ ሲያልቅ ግን ብሶበት ተመለሰ። ሌላ ገዛች፤ ጠፋ። ስትተወው ተመለሰ፤ አሁንም ከፊተኛው የባሰ። በመጨረሻ ሦስተኛውን ብልቃጥ ሳትጨርስ ጅማ ወረደች።

የቆዳ ሐኪሟ አገላብጣ አየቻት። «ሮዛሺያ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው» አለቻት። «አይተላለፍም። በመጠጥ የመጣም አይደለም።»

«እስቲ የመጨረሻውን ይድገሙልኝ።»

«በመጠጥ የመጣ አይደለም። ያ ቅባት ግን ስቴሮይድ ነው፤ እሱ አባብሶታል። ተዪው። ስትተዪው መጀመሪያ ይቆጣል፤ አትደንግጪ።»

ሜትሮኒዳዞል የሚባል ጄል አዘዘችላት፤ ጠዋትና ማታ፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥባ፣ ፊቷን ሳታሽ አድርቃ፣ በስሱ ብቻ፣ ከዓይኗ አርቃ እንድትቀባ። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ መሆኑን ነገረቻት። ከፀሐይና ከእሳት ራቂ አለቻት።

«እንጀራዬ እሳት ላይ ነው፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ፊትሽን አዙሪ።»

ቤቷ ገብታ ጄሉን ጣቷ ላይ ስታወጣው ውሃ የመሰለ ስስ ነገር ሆኖ አገኘችው። እሷ ደግሞ መድኃኒት ብቻውን በማይሰጥበት አገር ያደገች ሴት ናት፤ እናቷ መራራውን በማር ታስውጣት፣ ቁስሏንም በማር ትሸፍንላት ነበር። ከነጩ ማር ጨልፋ ከጄሉ ጋር አዋሃደችና አወፍራ ተቀባችው። ማሩ ቀልጦ ወደ ዓይኗ ወረደ። በሦስተኛው ቀን የዓይኗ ቆብ አብጦ፣ ጉንጯ በርበሬ እንደ ነካው ያቃጥላት ጀመር።

የጸሎት ቤቱ ኮንፈረንስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የኳየሩ መሪ ይዲድያ፣ እሷ ሁለተኛውን ድምፅ ትይዝበት የነበረውን ያንን መዝሙር እንደሚዘምሩት መልእክት ልኮባት ነበር። ያ የፊተኛው የሱቅ ቅባት ግማሹ መደርደሪያ ላይ አለ። ከመክፈቷ በፊት ግን ጄሉን ወደ ሸጠላት ፋርማሲስት ወደ በዛብህ ሄደች።

«እትዬ የምሥራች! ምን ቀቡት?»

«የታዘዘልኝን።»

«ብቻውን?»

«ከማር ጋር።»

በዛብህ ከንፈሩን ነከሰ። «የማንኪራ?»

«ሌላ ማር እኔ ቤት ምን ሊሠራ!»

«ማሩን በዳቦ ይብሉት። ጄሉ ስስ የሆነው በስሱ እንዲቀባ ነው።» ጅማ ደውሎ ሐኪሟን አነጋገረ። ሐኪሟም ማቃጠሉ እስኪበርድ ሁሉንም እንድታቆም፣ ከዚያ ጄሉን ብቻውን እንድትጀምር፣ ዓይኗ ካልተሻላት ደግሞ ሳትውል ሳታድር እንድትታይ ተናገረች።

«ለኮንፈረንሱ ይደርስልኛል?»

«አይደርስም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እትዬ።»

«እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ አረጀሁ! ያኛው ቅባት እኮ ያደርሰኛል።»

«ያደርስዎታል። ከኮንፈረንሱ ማግስትስ?»

ረቡዕ ነበር። ቤቷ ስትደርስ ልምምዱ ተጀምሯል። ብልቃጡን ከመደርደሪያው አወረደችው። ክዳኑን ከፈተች፤ አሸተተችው። መዝሙሩ ሁለት ጊዜ ተደጋገመ። ሦስተኛው ሲጀመር ወደ ጓሮ ወጥታ ብልቃጡን ሽንት ቤት ጨመረችውና እጇን ታጠበች።

ኮንፈረንሱ ሲዘጋ ከኋላ ወንበር ነበረች። ዓይኗ ድኗል፤ ጉንጯ ግን ገና ቀይ ነው። ይዲድያ ሕዝቡ ሲበተን መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«እትዬ፣ የኳየር ልብስሽን... ለቤዚ ልስጣት ወይ? የእሷ አጥሯታል።»

የምሥራች ቤዚን በዓይኗ ፈለገች።

«ስጣት» አለች። «ለእኔ ሌላ ይሰፋልኛል።»

ልብስ ሰፊው የኳየሩን ልክ መውሰድ የሚጀምረው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ጄሉ የሚሠራበት ሳምንታት አሉ። የጅማው ቀጠሮዋ ደግሞ ማክሰኞ ነው፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ትሄዳለች።