ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው

ይህን ስጽፍ በእጄ ያለው ማስረጃ ትንሽ ነው። ሰነድ በተረጎምሁ ቁጥር የምመዘግብበት ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አለ፤ ለአንድ ኮሌጅ የጻፍሁት ደብዳቤ ቅጂም አለ። የቀረው የራሴ ትዝታ ነው፤ እርሱን ደግሞ ሰማንያን ካለፍሁ ወዲህ እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ወሬ ነጋሪ ነው የማደምጠው። የሰዎቹን ንግግር ቃል በቃል አስቀምጫለሁ ብል እዋሻለሁ፤ ሆኖም ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ስም አልጽፍም። ከሁለቱ ባለታሪኮች አንዷ ከዚህ ዓለም ተለይታለች፤ የሌላዋን ፈቃድ አልጠየቅሁም።

በአገሬ ሳለሁ የታሪክ መምህር ነበርሁ። ሎንዶን ከገባሁ በኋላ ያስተማርሁት ሰው የለም፤ ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንድ ጠረጴዛ ይሰጠኝና የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃዎችን ወደ እንግሊዝኛ እተረጉም ነበር። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ «መምህር» ይለኛል። በሥራው እኮራ እንደ ነበር መደበቅ አልፈልግም። ከሁሉ ይልቅ የምኮራው በዘመን አቆጣጠሩ ስሌት ነበር። ለአንዳንዱ ወር ሰባት ዓመት፣ ለሌላው ስምንት ዓመት እንደሚጨመር የማያውቁ ተርጓሚዎች ስንቱን ልጅ ያለ ዕድሜው እንዳሳደጉት ለሰማኝ ሁሉ አወራ ነበር።

ከእነዚያ እሑዶች በአንዱ አንዲት ሴት የልጇን የልደት ማስረጃ ይዛ መጣች። ከገቡ ጥቂት ወራቸው ነበር፤ ልጅቷ አሥር ዓመት ሆኗታል። ተረጎምሁላት፣ ፈረምሁ፣ ማኅተሜን አሳረፍሁ። ልጅቷ የተመዘገበችበት ወረቀት ሁሉ፣ የትምህርት ቤቱም የመኖሪያ ፈቃዱም፣ ልደቷን የወሰደው ከዚያ ትርጉም ነው። ዋናው የአማርኛ ማስረጃ ከጊዜያዊ ማረፊያቸው ሲወጡ ከአንድ ሻንጣ ጋር ጠፋ።

በኋላ ዕጣ ሆኖ ሼፈርድስ ቡሽ እኔ ባለሁበት ሕንፃ፣ ከበላዬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው። ያን ጊዜ ነው ለእናቲቱ «ጋሼ»፣ ለልጅቷ «አባባ» የሆንሁት። ልጅቷ ቤታቸው ጠባብ ስለ ነበር የቤት ሥራዋን እኔ ጠረጴዛ ላይ ትሠራለች፤ እኔም ሳልጠየቅ አስተያየት እሰጣለሁ። ስትመጣ ቋንቋ ስላልያዘች ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ዝቅ አድርጎ አስገብቷት ነበር፤ እንዲህም ሆኖ ከመጡ ስምንት ዓመት ሊሞላ ሲል የመጨረሻው ክፍል ደጃፍ ላይ ደረሰች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት፤ ግን ፕሮሚስ ያድርጉ፣ ሌክቸር አይሰጡኝም።»

«እንደ ይዘቱ ነው» አልኋት።

«ይኸው ጀመሩ! እርስዎ እኮ ሻይ ሲጠጡም የግርጌ ማስታወሻ ይጽፋሉ።»

ያሳየችኝ ማስታወቂያ እንዲህ የሚል ነበር። ካምደን ያለ አንድ ኮሌጅ ከትምህርት ቤቶች ጋር ተስማምቶ፣ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎችን በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ እየተቀበለ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራ ያስተምራል። ያለፈ ተማሪ ክሬዲት ይያዝለታል፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱን ጨርሶ ኮሌጁ ሲገባ ያንኑ ትምህርት ሁለተኛ አይማርም፣ ከእኩዮቹ አንድ ዓመት ቀድሞ ሥራ ይይዛል።

ይህች አንድ ዓመት ለእነርሱ ምን እንደ ነበረች መግለጽ አለብኝ። እናቲቱ በዚያው በካምደን በአንድ ሆስፒታል ጽዳት ትሠራ ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ የእናቷን ፈረቃ ማብቂያ ስትጠብቅ፣ በላቦራቶሪው በር መስተዋት በኩል ማይክሮስኮፕ ላይ የጎነበሱትን ሰዎች እያየች ነው ያደገችው። በዚያ ዓመት ደግሞ የእናቲቱ ኩላሊት መታመሙ ታውቆ ነበር። ስለ በሽታው ብዙ አታወራም፤ የምታወራው ስለዚያ በር ነው።

«ጋውን ለብሳ በዚያ በር ስትገባ ልያት እንጂ» አለችኝ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተገናኝተን፣ «መወልወያዬን አቁሜ ‹ይለፉ ዶክተር› እላታለሁ።»

«እማዬ፣ ላብ ውስጥ ያሉት ዶክተሮች አይደሉም» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ አንቺ! እኔ ከሾምሁሽ ዶክተር ነሽ።»

ትምህርት ቤቱ ፈቀደ፤ አፕላይ አደረገች፤ ለምዝገባ ተጠራች። ምናልባት ወረቀት ቢጠየቅ ብለው እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። የምዝገባው አዳራሽ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት፣ ቁጥር ታይቶ ሰው የሚጠራበት ነበር። የተቀበለችን አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች ወጣት ሠራተኛ ናት፤ ትሑት ሰው ነበረች፣ በእርሷ የማሳብበው አንዳች የለኝም። ኮምፒዩተሯን አየች፣ ደግማ አየች። ኮርሱ ኦገስት እስኪያልቅ ድረስ አሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላቸው ብቻ መሆኑን ነገረችን። በወረቀቱ መሠረት ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ኦገስት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር።

ልጅቷ ይህን ወደ አማርኛ ስትመልስላት እናቲቱ ሣቀች።

«ምን ሦስት ቀን ትለኛለች? ልጄን የወለድሁት ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሩፋኤል ዕለት ሰዉ ልጁን እያወጣ ዝናብ ሲያስመታ እኔ የአምስት ቀን አራስ ሆኜ በመስኮት አያለሁ። ይቁጠሩላት እስቲ ጋሼ።»

ቆጠርሁ። ለመቁጠር ጣት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ሩፋኤል የሚውለው ጳጉሜ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ወደ ኋላ አምስት ቀን ሲኬድ እርሷ ያለችው ቀን ላይ ይደረሳል። ያ ቀን በዚህ አገር አቆጣጠር ኦገስት አልቆ ሴፕቴምበር በገባ በሦስተኛው ቀን ላይ ይውላል፤ ኦገስት ሲያልቅ ገና አሥራ ስምንት አልሞላትም ነበር። በትርጉሙ ላይ የሰፈረው ግን የነሐሴው ቁጥር እንዳለ ሆኖ ወሩ ብቻ «ኦገስት» ተብሎ ነበር። ዓመቱን በጥንቃቄ አስልቼ፣ ወሩን በስሙ ብቻ አሻግሬዋለሁ ማለት ነው። ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነው፤ እኔው ራሴ በሌሎች ላይ ስስቅበት የኖርሁት።

ሠራተኛዋ ነገሩ ሲገለጽላት ፊቷ ፈካ። ትርጉሙን የሠራው ሰው ስህተት መሆኑን በፊርማው ቢያረጋግጥ ይበቃኛል አለች፤ እስከ ዓርብም ቦታውን እንደምትይዝላት ነገረችን። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

«ተርጓሚው እዚሁ ቆሟል!» አለች ልጅቷ፣ እጄን ይዛ።

እኔም «ማጣራት ይኖርብኛል» አልሁ።

ይህን ያልሁት በእንግሊዝኛ ይሁን በአማርኛ አላስታውስም። የማስታውሰው ልጅቷ እጄን ወዲያው እንዳልለቀቀችው ነው።

ቤት ገብቼ ደብተሩን አወጣሁ። የትርጉሙ ቀን ተመዝግቧል፤ የዓመቱ ስሌት በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሠርቶ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በአማርኛው ሰነድ ላይ የነበረው ቀን ግን አልተጻፈም። ያኔ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ሰነዱ ስድስት ቀን የቀደመ የነሐሴ ቀን የያዘ ከሆነ፣ ትርጉሜ ያለ እንከን ትክክል ይሆናል፤ የተሳሳተችው እናቲቱ ትሆናለች። ሊሆን አይችልም? እናት ልጇ ቦታ እንድታገኝ ትፈልጋለች፤ ጥቅም ያለው ምስክር ደግሞ በጥንቃቄ ይመዘናል። ተማሪዎቼን ይህን ነበር የማስተምራቸው። ዋናውን ሰነድ ሳላይ እንዴት እፈርማለሁ?

ይህ በወቅቱ ለራሴ የነገርሁት ምክንያት ነው። ሌላም ነበር፤ ያን ለማንም አልነገርሁም። «ተሳስቻለሁ» ብዬ ብፈርም፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለፉት የነሐሴ ልጆች ሁሉ ወረቀት ምን ይሆናል? እኔስ ምን እሆናለሁ?

ረቡዕ አገር ቤት ላለ ዘመድ ስልክ ደወልሁ፤ የልደት መዝገቡን ሊያፈላልግ ቃል ገባልኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቲቱ ከሥራ መልስ በሬን አንኳኳች። አልቀመጥም አለች።

«ጋሼ፣ ደብዳቤው ደረሰ?»

መዝገቡ እየተፈለገ መሆኑን ነገርኋት። ረጅም ማብራሪያ የሰጠኋት ይመስለኛል።

«እኔ ምስክር አይደለሁም እንዴ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምጡ የማን ነበር?»

«አንቺን ተጠራጥሬ አይደለም። ሕጉ ሰነድ ይጠይቃል።»

«ሕጉማ የጠየቀው የእርስዎን ፊርማ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያው፣ ትልቅ ሰው ማስቀየሟ ቅር ያላት ይመስል፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደክሞኝ ነው» ብላ ወጣች። ሊፍቱ ስለ ተበላሸ ደረጃውን ስትወጣ እየቆመች እያረፈች ሰማኋት።

መዝገቡ አልተገኘም። ዘመዴ ቢሮው ወደ ሌላ ስፍራ መዛወሩን ነገረኝ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ደብዳቤውን ያለ ሰነድ ጻፍሁት። በትዝታዬ የጻፍሁት ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ኮሌጁ ሳይዘጋ ነው፤ ኮቴን ደርቤ ወደ ባቡር ጣቢያው ስቻኮል ራሴን አየዋለሁ። ቅጂው ላይ ያለው ዕለት ግን ሰኞ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱም የእኔ ነው። ቅጂውን ማመን ይገባኛል። ቦታው ተጠባባቂ ለነበረ ሌላ ተማሪ ተሰጥቷል ተባልሁ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ፣ ልደቷ ቢታረምም ባይታረምም፣ ዕድሜዋ ከወሰኑ አልፎ ነበር።

ልጅቷን በደረጃው ላይ አገኘኋት። «ኢትስ ፋይን፣ አባባ» አለችኝ። ከዚያን ቀን በኋላ የቤት ሥራዋን ቤቷ መሥራት ጀመረች።

ትምህርት ቤቱን ጨረሰች። እናቲቱ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን በመሣሪያ ማሳጠብ ጀምራ ሥራዋን ስላቆመች፣ ልጅቷ ብሪክስተን ውስጥ አንድ ሱቅ ገባች፤ ኮሌጁን በኋላ እደርስበታለሁ አለች። በዚያው ጊዜ፣ በአንድ የፍልሰታ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ሰዎች ልጅቷ ለምን ኮሌጅ እንዳልገባች እናቲቱን ሲጠይቋት እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር።

«እኔው ነኝ ወሩን ያምታታሁት» አለቻቸው። «ያልተማረ ሰው ምን ይደረጋል?»

ሻዬን ጠጣሁ። በዚያ አዳራሽ ከሁለታችን በቀር እውነቱን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርሁም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዓይኔ ደክሟል በሚል ምክንያት የትርጉም ጠረጴዛውን ተውሁት።

እናቲቱ በቀጣዩ ክረምት፣ ማለቴ በዚህ አገር ክረምት፣ ዐረፈች። ልጅቷ ያንን ኮርስ አልፋ ቢሆን ኖሮ ያ ዓመት ጋውን የምትለብስበት ነበር። ነፍሷ ከሥጋዋ የተለየችው በዚያው ሆስፒታል ነው፤ ላቦራቶሪው ያለው ከሁለት ፎቅ በታች ነው። በቀብሩ ላይ ልጅቷ አጠገቤ መጥታ ክንዴን ደገፈች። እንድትደግፈኝ የሚገባኝ ሰው አልነበርሁም፤ መሬቱ ግን ያዳልጥ ነበር።

አሁን የምትኖረው ብሪክስተን ነው። ሰሞኑን ልትጠይቀኝ መጥታ መድኃኒቶቼን በየቀናቸው ስትደረድርልኝ፣ ለዓመታት ያንገላታኝን ነገር ጠየቅኋት። ምክንያቱም አንድ ድምፅ አለ። ያቺ የመጀመሪያዋ እሑድ ስትታወሰኝ፣ ብዕሬ ወሩ ላይ ሲደርስ እናቲቱ ጎንበስ ብላ «ኦገስት ይበሉት ጋሼ፣ እዚህ ነሐሴን ኦገስት ነው የሚሉት» ስትለኝ እሰማታለሁ። እንዲህ ብላ ከሆነ ጥፋቱ ከሁለታችን ነው፤ በአዳራሹ የተናገረችውም እኔን ለመሸፈን ሳይሆን እውነቱን ብቻ ነበር ማለት ነው። ልጅቷ በዚያ ዕለት ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ነበር።

«እናትሽ ወሩን ነግራኝ ነበር?» አልኋት።

«አባባ፣ አሥር ዓመቴ ነበር እኮ። የሰጡኝን ብስኩት ነው የማስታውሰው።»

«ሌላ ምንም?»

የመድኃኒቱን ሣጥን ከደነች። «ነግራዎት ነበር ብል እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

ሣጥኑን ከአልጋዬ አጠገብ አኖረችና ኮቷን አነሣች።

ከሄደች በኋላ ነገሩን እንደ ማንኛውም ምንጭ መረመርሁት። እናቲቱ በዚያች እሑድ አታውቀኝም ነበር። እንደ ሌላው ወረፋ ጠባቂ «መምህር» ትለኝ ነበር እንጂ «ጋሼ» ያለችኝ ጎረቤት ከሆንን ወዲህ ነው። በጆሮዬ ያለው ድምፅ ግን ሁልጊዜ «ጋሼ» ይላል። ምናልባት ቃሉን ተናግራው፣ መጠሪያውን ግን እኔ በኋላ ጨምሬበት ይሆናል። ምናልባትም ሁሉንም እኔው ጨምሬው ይሆናል። ነሐሴን ኦገስት ብላኝ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ አላረጋገጥሁም።