የአከራያችን እግር

ባለፈው ደብረ ማርቆስ ገበያ አንድ ሰውዬ የወይራ ዱላ ይሸጥ ነበር። በእሳት ለብልቦ ቅቤ ያጠጣው ነው፤ ሽታው ከሩቅ ያዘኝ። ዱላ አላስፈለገኝም። ግን ነጋዴ ነኝና ዋጋ ጠየቅሁ፤ እሱ ሲያሞግስ እኔ አሽትቼ ጠገብኩና ሄድኩ።

የገና ዱላችን እንደዚያ ነበር የሚሸተው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው፤ ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ። አባቴ ይጁቤ ላይ አቡጀዲ፣ ሻማና ጨው ይሸጥ ነበር። ሱቋ የእኛ አልነበረችም። እስላም ነጋዴ ያን ጊዜ መሬት የለውም፤ አከራይህ ከተቆጣ ዕቃህን በአህያ ጭነህ ሌላ ከተማ ፍለጋ ነው።

በዚያ ዓመት የይጁቤ ገና ተጫዋቾች ያገኙትን አገር ሁሉ ረቱ። የቀረው የሮብ ገበያ ከተማ ቡድን ነበር፤ ግጥሚያው ከጥምቀት በፊት፣ ደብረ ማርቆስ ዳር ባለው ሜዳ። ዋናው መቺያችን እጁ ተሰበረና የቡድኑ አለቃ፣ አናጢው፣ ሱቃችን መጣ።

«ልጅዎን ያውሱን።»

አባቴ ጨው መመዘኑን ሳያቆም፣ «አከራዬ ለማን ነው የሚጫወቱት?» አለ።

«ትውልዳቸው ሮብ ገበያ አይደል? ለዚያው ናቸው።»

«እግራቸውን ቢመታስ?»

«በገና ጌታ አይቆጣም፤ ደንብ ነው።»

«በገናማ አይቆጡ። ከጥምቀት በኋላስ?»

አናጢው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ዱላውን ይዣለሁ። አባቴ አየኝና፣ «ሩሯን ብቻ ምታ፤ አደራ» አለኝ።

ሜዳው የደረቀ ሣር ይሸታል፤ ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች። ሩሯ፣ ያቺ የእንጨት ኳስ፣ በተመታች ቁጥር ሜዳው ያስተጋባል። አከራያችን ካባቸውን አውልቀው እንደ ጎረምሳ ይሮጣሉ። ሁለታችንም ሩሯ ላይ ደረስን። ሰነዘርኩ። ሩሯ ሄደች፤ ዱላዬ ግን በመንገዱ እግራቸውንም አገኘ። ቁጭ አሉ። የእኛ ግጥም አውራጅ ደግሞ እስኪነሡ እንኳ አልጠበቀም፦

«ሱቅ ሲያከራዩ ኖረው ወር ሲጠባበቁ፣
እግር አከራዩ ዛሬ ሩር ሊነጥቁ!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። በዚያችው ሩር አሸነፍን። ሰው ተሸክሞኝ ሲጨፍር እኔ የማስበው አህያ ከየት እንደምንከራይ ነበር።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። አባቴ፣ «እግሩንስ እሺ፤ ግጥሙ ሱቁን ምን አስነሣው?» አለ። ጥምቀት አለፈ። አባቴ አዲስ ዕቃ ማስመጣት ተወ፤ ማታ ማታ የተቀደደ ከረጢት ይሰፋል።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን አከራያችን በበቅሎ መጡ፤ እግራቸው ተጠምጥሟል።

«ይሄ ነው ልጁ?»

«እሱ ነው ጌታዬ። ይቅጡት።»

«ለምን ብዬ? እግሬ ነው የሰው መንገድ የዘጋው።» የጨው ከረጢት ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ወደ ደጅ ዘረጉ። «ዛሬ እዚህ ነኝ የምውለው። ሻይ የለም?»

አባቴ ሻዩን በሁለት እጁ አቀረበ።

ከሱቅ ያባርሯቸዋል ሲል የሰነበተ ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ።

«እግርዎ እንዴት ነው ጌታው?»

«ካከራየሁት ወዲህ ደህና ነው።»

እሳቸው ፊት ባዶ እጁን መውጣት ሰው ሁሉ አፈረ፤ ሻማም ጨውም እየገዛ ይሄዳል። ቀትር ሳይደርስ ሻማ አለቀ። አልተቆጣሁም ብለው አሽከር መላክ ይችሉ ነበር። ያ ግን ለእኛ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ማየት የነበረበት ገበያው ነው። ዕድሜ ልኬን ነግጃለሁ፣ ከዚያ የበለጠ ማስታወቂያ አላየሁም።

አከራያችን አብዮቱ ሳይመጣ ሞቱ። የገበያ ቀን ነበር፤ አባቴ ሱቁን ቆልፎ ተነሣ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ እኔና እሱ ጎን ለጎን ቆምን። ከቀብር የሚወጡት የሮብ ገበያ ሰዎች አዩንና መንገዳቸውን ትተው ወደ እኛ መጡ። አንድ በአንድ፣ ለዘመድ እንደሚባለው፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉን።

አባቴ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያለ፣ «አሚን» አለ።