ሦስት ሰዓት ወይስ ስድስት ሰዓት

ሰው ከእናቱ ጋር በርስት ይኳረፋል፣ በሚስት ይኳረፋል። የአከራዬ ልጅ ግን ከእናቱ ጋር የተኳረፈው ጌታ በስንት ሰዓት ተሰቀለ በሚል ነው። ያኔ በጣም ጨንቆኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስታውሰው ግን ሳቄ ይመጣል።

የምኖረው አትላንታ ዳር፣ ሮዝዌል፣ በእትዬ ቤት ከምድር በታች ባለው ክፍል፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። እትዬ የምላቸው አከራዬን ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱ እዚሁ አትላንታ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ቀን ደንዉዲ ከተማ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይውልና ማታ ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍሉ ይመለሳል። እኔ ኮንየርስ ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ ስለ ትልቅ ነገር ስለምጽፍ አንባቢ አስቀድሞ ይወቀው ብዬ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእትዬ ሳሎን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለን። ሁሉም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ከነእኔ አሥራ አንድ ነን። በየሳምንቱ አንድ ሰው ተራ ደርሶት ቃሉን ያካፍላል። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም፤ ጆሮዬ ይግላል። ስለዚህ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ጉንፋን ይይዘኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ያዘኝ። ችግሩ የጥናታችን መሪ ነርስ ነው፤ አንዱንም ጉንፋኔን አላመነም።

ኩርፊያው የመጣው ስለ ስቅለቱ ባጠናን ቀን ነው። መሪው እንደ ሁልጊዜው ጥያቄ ያለው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እንደ ሁልጊዜው የለም ብለን መጽሐፋችንን ልንዘጋ ስንል የእትዬ ልጅ እጁን አወጣ። አንደኛው ወንጌል ሲሰቅሉት ሦስት ሰዓት ነበር ይላል፣ ሌላኛው ደግሞ ስድስት ሰዓት ገደማ ገና ዳኛው ፊት ቆሞ ነበር ይላል፣ እርስ በርሱ ኮንትራዲክት ያደርጋል አለ። በንቀት አልነበረም የተናገረው። ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ስህተት መፈለግ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለውም ለዚያ ነው።

መሪው ለሚቀጥለው ሳምንት አንብቤ እመጣለሁ አለ። እትዬ ግን ሳምንት አልጠበቁም። መጽሐፍ አይሳሳትም፣ የሚሳሳተው የሰው አእምሮ ነው አሉ።

«ማሚ፣ መጽሐፉ አይሳሳትም ብሎ የወሰነው የማን አእምሮ ነው ታዲያ?» አለ ልጃቸው። «የአንቺ አይደለም? እሱስ አይሳሳትም?»

አንዷ እህት ማንም ሳይጠይቃት ሻይ ልትቀዳ ተነሣች። እትዬ እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ አይነገርም አሉ። ልጁ እንግዲያው ቤቱን እለቃለሁ አለ። በሳምንቱ ደንዉዲ ውስጥ አፓርትመንት አግኝቶ የኪራይ ውል፣ ሊዝ ፈረመ። የሚገባበት ቀን ጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የቤቱ መልእክተኛ ሆንኩ። «ወጡ ምድጃው ላይ ነው በይው» ይሉኛል እትዬ። «በልቻለሁ በያት» ይለኛል እሱ። ሦስታችንም እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ቆመን ነው። አንድ ጊዜ ተሳስቼ የእሱን መልስ ለራሱ ነገርኩትና ሊስቅ ሲል ፊቱን ወደ ፍሪጁ አዞረ።

ቀኑ ሲቃረብ ግን ሳቁ አለቀ። እትዬ ዕቃ ሲያጥቡ የሚዘምሩትን መዝሙር ተዉ። አንድ ቀን ልብስ አብረን ስናጣጥፍ እንዲህ አሉኝ፦

«መውጣቱ አይደለም፤ ልጅ ነው፣ አድጓል፣ ይወጣል። ተኳርፎ ከወጣ ግን በየትኛው በር ይመለሳል?»

አንሶላውን አራት አድርጌ አጠፍኩት።

በነጋታው ሥራ ቦታ ሳስብበት ዋልኩ። እጄ ካርቶን ያሽጋል፣ ልቤ ወንጌል ውስጥ ነው። ከምሳ በኋላ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ አሜሪካኖች ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው። ከወንጌል ጸሐፊዎቹም አንዱ እንደኛ፣ ሌላው እንደ አሜሪካኖቹ ቆጥሮ ቢሆንስ? እንዲህ ከሆነ በአሜሪካ ስድስት ሰዓት፣ ማለዳ ተፈረደበት፣ በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰቀለ። ገጠመ! ሊቃውንት ያጡትን እኔ መጋዘን ውስጥ ያገኘሁ መሰለኝ። በደስታ እየቆጠርኩ ሳሽግ ዕቃ የሚመዘግበው ማሽን፣ ስካነሩ፣ አሥራ ሁለት ይላል፣ እኔ አሥራ አንድ አገኘሁ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ። ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠርኩና፣ እኔ ዓይን አፋሯ፣ አለቃዬን ጠርቼ ማሽኑ ተሳስቷል አልኳት። አለቃዬ የካርቶኑን ክዳን ገለጥ አደረገችው። አሥራ ሁለተኛው እዚያ ተጣብቆ ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች።

እንዲያም ሆኖ ግኝቴን አልተውኩትም። ቤት ስደርስ በቀጥታ ወደ ልጁ ክፍል ወጣሁና ነገርኩት። ጥሩ አድርጎ ሰማኝ። ከዚያ ያው ስድስት ሰዓት ያለው ጸሐፊ ጌታ መንገድ ደክሞት የውኃ ጉድጓድ አጠገብ የተቀመጠውም በስድስት ሰዓት ነው እንደሚል አሳየኝ።

«ላይክ፣ ንጋት ላይ ነው እንደዚያ የደከመው?» አለኝ።

አፈርኩ። ወርጄ ለእትዬ ብነግራቸው የባሰ ሆነ፤ «ወንጌልን በአሜሪካ ሰዓት ልታስተካክይው ነው እንዴ?» አሉኝ። በአንድ ቀን ማሽኑም፣ ልጁም፣ እናቱም ረቱኝ። መጽሐፍ ይሳሳት አይሳሳት እንጃ፤ የእኔ አእምሮ እንደሚሳሳት ግን በዚያ ቀን በደንብ አረጋገጥኩ።

እንዲህ እያለ ጃንዋሪ መጣ። የጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ በጥናታችን የኬክ ቀን ነው። ከአሥራ አንዳችን ስድስታችን፣ እትዬና እኔም ጭምር፣ በስደት የመጣን ነን፤ ከፊሉ በሱዳን፣ ከፊሉ በኬንያ። ፎርም የሚሞሉልን ሰዎች የልደት ቀናችንን ሲጠይቁን በቅጡ የምናውቅ አልነበርንም። እነሱም ጃንዋሪ አንድ እያሉ ጻፉልን። መንጃ ፈቃዳችን ላይም፣ የሥራ ወረቀታችን ላይም ያው ነው። በወረቀት ስድስት መንትዮች ነን፤ ስለዚህ አንድ ኬክ ለስድስት ሰው ይበቃል ብለን በየዓመቱ አብረን እንቆርሳለን።

የዚያን ቀን ቃል የማካፈሉ ተራ የእኔ ነበር። ልጁ ዕቃውን የሚያወጣውም በዚያው ቀን ነው። መሪው ገና ከበር ሲገባ ቴርሞሜትር ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። «ዛሬ ጉንፋን የለም፣ እህቴ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እትዬ ብቻ አልሳቁም። ኬኩ ፊት ተቀምጠው ከላይ የሚሰማውን ኮቴ ያዳምጣሉ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ስለ ፍቅር አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር። መጀመሪያውን ቃል ልል አፌን ስከፍት ልጁ ትልቅ ካርቶን ታቅፎ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። በሳሎኑ ካላለፈ ወደ ውጭ መውጫ የለውም። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እትዬ ዓይናቸውን ከኬኩ ላይ አላነሡም። ወረቀቴን አየሁት፤ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ተራወጡብኝ። አሁን ዝም ብል ልጁ በሩን ከፍቶ ይወጣል። ሌላ የምለው ስላጣሁ ዓይኔ ኬኩ ላይ አረፈና ጠየቅኋቸው፦

«እትዬ፣ እውነቱን ግን መቼ ነው የተወለዱት?»

ጥናት እንዲህ አይጀመርም። እትዬም ግራ ተጋብተው አዩኝ። ግን የሰው ጥያቄ ሳይመልሱ የሚያልፉ ሴት አይደሉም፤ መናገር ጀመሩ። እናታቸው የወለድኩሽ ክረምት ነው፣ ጎርፉ ድልድዩን ጠርጎ አዋላጅዋ በገመድ ተሻገረች ይሉ ነበር አሉ። አክስታቸው ደግሞ የምን ጎርፍ፣ በጋ ነበር፣ አንቺን ያጠብኩበት ውኃ ከሩቅ በአህያ መጥቶ ነው ይሉ ነበር። ሁለቱም እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ። እናት ወለዱ፣ አክስት አጠቡ። በዚህ ነገር ሲከራከሩ ኖረው ሲከራከሩ ሞቱ።

ልጁ ደረጃው መካከል ቆሟል። «ይህን ነግረሽኝ አታውቂም፣ ማሚ» አለ።

በአምስት ሳምንት ውስጥ በቀጥታ ሲያናግራቸው የመጀመሪያው ነው። እትዬም እኔን በይው ሳይሉ ራሳቸው መለሱለት፦ «መቼ ጠየቅኸኝ?»

«ከሁለቱ አንዳቸው ዋሽተዋል ማለት ነው።»

«ማን? እናቴ? አክስቴ? ውሸት በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።»

«እሺ አልዋሹም። ግን አንዳቸው ተሳስተዋል።»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። «ተሳስተዋል» አሉ። «እኔ ግን ተወልጃለሁ።»

ልጁ ካርቶኑን ደረጃው ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«አመንሽ! ምስክር ሊሳሳት ይችላል አልሽ» አለ።

«ስለ አክስቴ ነው ያልኩት። ስለ ወንጌል ወጥቶኛል?»

እዚህ ላይ ሁሉም መናገር ጀመረ። ሻይ የምትቀዳው እህት እኔ የተወለድኩት በጥምቀት ማግስት ነው፣ ወረቀቴ ግን ዋሽቶ አሜሪካ አስገባኝ አለች። አንዱ ወንድም ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንድ ቀን ተወልዳችኋል ተብሎ ኤርፖርት ላይ መንታ ናችሁ ወይ ብለው እንደጠየቋቸው አወራ። ልጁ ደግሞ የእኔ የልደት ሰርተፊኬት ደቂቃውን ሳይቀር ይናገራል ብሎ ኮራ።

«ደቂቃውን የጻፈችው ነርስ ስትገባ አንተ ተወልደህ፣ አልቅሰህ፣ ዝም ብለህ ነበር» አሉት እናቱ። «እኔ እዚያ ነበርኩ።»

«እኔም እዚያ ነበርኩ» አለ።

እትዬ በሳቅ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መጽሐፍ አይሳሳትም እላለሁ፣ እስክሞትም እላለሁ፣ ግን ጠየቅህ ብዬ ዝም ያሰኘሁህ እኔ ነኝ፣ በዚህ ተሳስቻለሁ አሉት። እሱም ሰዓቱ አሁንም አልገጠመልኝም አለ። ቀጥሎም፣ አንዲት ሰዓት ካልገጠመች ሌላው ሁሉ ፈረሰ ብዬ የተነሣሁት ግን ችኮላ ነው አለ። እትዬ ሳህን አነሡና መጥቶ ኬኩ አጠገብ እንዲቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙት።

እኔ እስከዚያ ድረስ አልተቀመጥኩም ነበር። መሪው የዛሬ አካፋያችን የምትጨምሪው አለ ወይ አለኝ። ስለ ፍቅር የጻፍኩትን ገጽ አጠፍኩት። የለኝም፣ ግን እንጸልይ አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ ጸለይኩ። በጣም አጭር ነበር፤ ስለ ኬኩም አመሰገንኩ መሰለኝ።

ሻማ ሲተከል እንደገና ክርክር ተነሣ፤ የእትዬን ዕድሜ የሚያውቅ የለም። ልጁ የጎርፉን ዓመትና የአህያውን ዓመት ደምረን ለሁለት እናካፍለው አለ። እትዬ በጥፊ እንደሚመቱ ሁሉ እጃቸውን አነሡበት። በመጨረሻ ፓኬቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ተከልንና ስድስታችን ባንድ ትንፋሽ አጠፋነው።

ልጁ ከዚያ በኋላ ደንዉዲ ገብቷል፤ ሊዙን ፈርሞ ነበርና። ያን ትልቁን ካርቶን እስከ መኪናው ድረስ ከአንድ ወገን የያዙለት ግን እትዬ ናቸው፤ መጋረጃውንም የመረጡለት እሳቸው ናቸው። እኔ መጽሐፍ ሰው በሰውነቱ እንደሚሳሳተው ይሳሳታል ብዬ አላምንም፤ ሰዓቱ ለምን እንደማይገጥም ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ሥራ እሄዳለሁ፣ እስቃለሁ፣ ተራዬ ሲደርስም አላስልም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ዘግይቶ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ፣ በትንሣኤው ማለዳ ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች ስንት ናቸው፣ አራቱም ወንጌሎች እኮ እኩል አይቆጥሩም አለ። እትዬ የሸፈኑለትን ሳህን ከፍተው ፊቱ አኖሩለት።

«መጀመሪያ ብላ» አሉት። «ሴቶቹን ከዚያ እንቆጥራቸዋለን።»