ለኳስ ወስዶ ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው

ባለፈው ሳምንት አንድ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎረምሳ አጥሬ ላይ ወረቀት ሊለጥፍ መጣ። ሳያስፈቅድ ነው። እኔ በሬ ላይ ተቀምጬ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ እበላ ነበር። ተነስቼ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ኮሌጅ ለእግር ኳስ ቡድኑ ከአካባቢው ልጆች ሊመለምል ነው። ከታች ደግሞ የትምህርት ውጤቱ ያልሞላ፣ ማስረጃም የሌለው እንዳይደክም ይላል። እኔ ሳነብ ዝግ እላለሁ፤ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። ልጁ ትዕግስት አጣ።

«አባባ፣ ላንብብልዎት?»

«ማን አንብብልኝ አለህ?»

«አይ፣ እንዲቀልዎት ብዬ ነው።»

«የሚቀለኝ አጥሬን ብትለቅልኝ ነው» አልኩት።

ሄደ። ልጁ ምንም አላጠፋም፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ኮሌጅ፣ ኳስ፣ ምልመላ የሚባሉት ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡብኝ ደሜ ይፈላል። ንዴቴ ከዚህ ልጅ ጋር አይደለም። ከአንድ ሰው ጋር ነው፣ ሞቶም አልለቀቀኝም።

ያኔ በመንደራችን በሬኮ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ እሰራ ነበር። ጢሜ ገና ማቀምቀም መጀመሩ ነበር። ስራዬ ከረዥሙ ቦይ ውስጥ ቆሞ ቡናውን በእንጨት መግፊያ ከውሃው ኃይል ጋር እየታገሉ መግፋት ነው። ውሃው ከተራራ የሚወርድ ነው፣ አጥንት ይሰብራል። እየዘፈንን እንገፋለን፤ ካልዘፈንክ ብርዱ ይጥልሃል። በዚያ ስራ የቆየ ሰው እግሩ እንደ ዝግባ ግንድ ይሆናል። ኳስ የምንጫወተው ቡናው ሲያልቅ፣ የቡና ማስጫው ሜዳ ባዶ ሲሆን ነው። እኔ ስመታ በረኛው ይሸሽ ነበር፤ ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፣ የሸሸው ሰው ዛሬም በሕይወት አለ።

አንድ ቀን መኩሪያ የሚባል ሰው መጣ። ዲላ ውስጥ የነበረች የአንዲት ትንሽ የእርሻ ኮሌጅ የኳስ አሰልጣኝ ነው። ኮሌጇ ዛሬ የለችም። መኩሪያ የዲላ ነጋዴ ልጅ ነው፣ ከእኛ ልጆች ጋር ስላደገ ጌዴኦኛ አሳምሮ ይናገራል። ኳስ ትችላለህ ወይ ብሎ ማንንም አልጠየቀም። ከቦዩ ዳር ቆሞ እግር እግራችንን ያይ ጀመር።

«አንተ፣ እስቲ ውጣ» አለኝ።

«ስራ ላይ ነኝ።»

«እግርህን ልየው ነው።»

«እግሬ ገበያ አልወጣም።»

ጓደኞቼ በሳቅ ፈነዱ። አንዱ፣ «ጥርሱንም እይለት እንጂ፣ በሬ ስትገዛ እንዲህ ነው እንዴ!» አለው። መኩሪያም ሳቀ። ሲስቅ ደስ የሚል ሰው ነበር፣ ይህን አልክድም። በጀርባዬ ዞሮ ወደ አባቴ ሄደ።

አባቴ ከእኔ የባሰ ግትር ነው። «ልጄን ከፈለግህ ለእኔ አትንገረኝ፣ ሶንጎ ላይ ተናገር» አለው። ሶንጎ ማለት ሽማግሌዎቻችን ከትልቅ ዛፍ ስር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ነው። እዚያ የወጣ ቃል አይታጠፍም። መኩሪያ ግን የሶንጎን ነገር እንደ ሻይ ቤት ወሬ ቆጠረው መሰለኝ፣ ቆሞ እንደ ልቡ ተናገረ። «ጠዋት ኳስ ይጫወታል፣ ከሰዓት ትምህርቱን ይማራል። አንባቢ አድርጌ እመልስላችኋለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሰሙ። አባቴ ለቀቀኝ።

ዲላ ወረድኩ። ያሳደሩኝ መኮትኮቻና የኖራ ጆንያ የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ነው። ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት የሜዳውን ሣር ማጨድና መስመሩን በኖራ ማስመር። የክፍል በር ከውጭ ነው የማውቀው። ምሳ ዳቦ በሻይ፤ የቤቴ ቆጮ በሕልሜ ይመጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ትምህርቱስ?» እለዋለሁ።

«በራሶ፣ ምን ያስቸኩልሃል? አንተ ጎሏን አምጣ፣ ትምህርቱ የትም አይሄድም።»

እውነቱን ነው፣ የትም አልሄደም። ወደ እኔም አልመጣም።

የኮሌጆቹ ውድድር ሕግ እንዳለው እኔ አላውቅም ነበር። ተማሪ ያልሆነ አይሰለፍም፤ ተማሪም ሆኖ በትምህርቱ የወደቀ አይሰለፍም። መኩሪያ ይህን ሕግ እንደ ስሙ ያውቀዋል። እኔን ግን ተማሪ ነው ብሎ አሰልፎኛል። እኔ የማውቀው ኳሷ ስትመጣ መምታት ነው፣ መታሁም።

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ዲላ ሜዳ ሰው በሰው ላይ ቆመ። የእኛ ሰዎች ለመንደራችን ቅርብ ከሆነችው ከተማ ከፍስሐ ገነት በቡና መኪና ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው መጡ። አባቴም አለ። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ አገባሁ። ወዲያው የባለጋራው ቡድን መሪ፣ ኮት የለበሰ ወፍራም ሰው፣ እየጮኸ ሜዳ ገባ።

«ይሄ ተማሪ አይደለም! ይሄ የቀን ሰራተኛ ነው!»

የውድድሩ ዳኞች ተሰበሰቡ። አንደኛው ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «ተማሪ ከሆነ ችግር የለም፣ ይህችን ያንብብልን» አለና ሰጠኝ። ወረቀቱን አየሁት። ጉንዳን የተበተነበት ይመስላል። በኋላ እንደሰማሁት የሰጡኝ ያንኑ የውድድሩን ሕግ ነው።

ወደ መኩሪያ ዞርኩ። ስሜ ሲጠፋ ቆሞ አያይም፣ አንድ ነገር ይላል ብዬ ነው። አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አባቴና ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣

«እኛንም አታሎን ነው! አስራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ ብሎ ነው የመጣው!» አለ።

እኔ! አስራ ሁለተኛ! አንደኛ ክፍልን ያላየሁት ሰውዬ!

ጨዋታው ለባለጋራ ተሰጠ። የዲላ ሰው አኝኮ የጨረሰውን ሸንኮራ ወረወረብኝ። «አታላይ! ሂድ ቡናህን እጠብ!» የሚል ስድብ እስከ መኪናው ተከተለኝ። ሸንኮራው ያልፋል። ያላለፈው ስሙ ነው። ይርጋጨፌ ገበያ ስወርድ «አታላዩ መጣ» ይላሉ። በእኛ ዘንድ አታላይ የተባለ ሰው ሶንጎ ላይ አይመሰክርም፣ ቃሉን የሚሰማ የለም፣ ልጁን የሚድርለትም የለም። ገና በጎረምሳነቴ በቁሜ ተቀበርኩ ማለት ነው።

አባቴ ሰውዬውን ሶንጎ ከሰሰው። መኩሪያ አልመጣም ሊል ይችል ነበር። ግን ከሬኮ ሌሎች ሁለት ልጆች ዓይኑ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ሽማግሌዎቹም «የዚህ ነገር መጨረሻ ሳይታይ የእኛ ልጅ ለኳስ ዲላ አይወርድም» ብለው ቆርጠዋል። ስለዚህ መጣ። ጫማውን አስወልውሎ መጣ።

ከሽማግሌዎቹ አባ ሮባ የሚባሉ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰው ሲያናግሩ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«አንባቢ አድርጌ እመልሳለሁ ብለህ ነበር?» አሉት።

«ብያለሁ፣ ግን...»

«ልጁ ተመልሷል። አንባቢው የታለ?»

ስሜን ያጠፋበትን ነገር ሳነሳ ደግሞ፣ «እሱ ራሱ ነው ጨርሻለሁ ያለኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ምስክር የለም። እሱም ይላል፣ እኔም እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ያንን ትተው ራሳቸው በሰሙት ቃሉ ፈረዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያስተምረኝ፤ እዚሁ ሶንጎ ላይ ቆሜ ያነበብኩ ቀን ነፃ ይውጣ፣ ልጆቹንም ይውሰድ።

እንዲህ ያለ ትምህርት ዓይታችሁ አታውቁም። እኛ ቤት ጓሮ፣ እንሰቱ ስር፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጣውላ ግንድ ላይ አስደግፎ ይጽፋል። እሱ እኔን አያይም፣ እኔም እሱን አላይም፤ ሁለታችንም የምናየው ጣውላውን ነው።

«ድገም፣ ደንቆሮ!»

«አስራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ምን ይደግማል?»

«እግር ብቻ! እግዜር ሲፈጥርህ ከወገብህ በላይ ደክሞታል!»

«አንተን ሲፈጥር ምላስህ ላይ በርትቷል!»

እናቴ እንግዳ ነው ብላ ከቆጮው ትልቁን፣ ከቅቤውም ወፍራሙን ለእሱ ታቀርባለች። በዚህ ከእናቴ ጋርም ተጣልቻለሁ።

ፊደሉን ማወቅ ከጀመርኩ በኋላ ነገሩ ገሰገሰ። የሳሙና ወረቀት፣ የስኳር ጆንያ፣ የመኪና በር፣ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። አንድ ቅዳሜ፣ «ሰው ፊት ቆመህ ዋሽቼበታለሁ በል። በነጋታው አነብልሃለሁ» አልኩት።

«ማስተማር ተፈረደብኝ እንጂ መዋረድ አልተፈረደብኝም» አለ።

«እንግዲያው አስተምር።»

ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ «ገና ነኝ» እል ጀመር። ዝናቡ ገባ። የእኛን አገር መንገድ በዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። መኪና ፍስሐ ገነት ጥሎት ይመለሳል፣ ከዚያ በእግሩ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ሱሪው ተቀዶ፣ አንዴም ወድቆ ክርኑ ደምቶ መጣ። አላዘንኩለትም። አሁንም አላዝንም። የእኔ ስም የወደቀበት ጭቃ ከዚህ ይብሳል።

በመጨረሻ ነቃ። የውድድሩም ጊዜ ደርሶ ነበርና ልጆቹን ማጣቱ እንቅልፍ ነስቶታል። ሶንጎ ሄዶ ጮኸ። «ያነባል! ሆን ብሎ ነው! እኔ ልጻፍ፣ እናንተ ፊት ያንብብ!»

ቆምን። ጣውላውን ከዛፉ አስደግፎ በኖራ ጻፈ። ከእሱና ከእኔ በቀር እዚያ የሚያነብ ሰው የለም፤ መሠረተ ትምህርት ወደ እኛ ገና አልደረሰም። የጻፈው «ሲዘንብ መንገዱ ይጨቀያል» የሚል ነው። ሆዱን ነው የጻፈው።

አነባለሁ ብል በነፃ ይሄዳል፣ እኔም ከነጠፋው ስሜ እቀራለሁ። አላነብም ብል ይመላለሳል፣ ስሜ ያው ነው። አባቴን አየሁት። ከዚያ ከዲላው ጨዋታ ቀን ጀምሮ ሶንጎ ላይ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው።

ጣቴን ጣውላው ላይ አደረግኩና ከግራ ወደ ቀኝ እያስኬድኩ፣ ዝግ ብዬ፣ እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦

«በራሶ አላታለለኝም። አስራ ሁለተኛ ጨርሻለሁም አላለኝም። ሰው ፊት የዋሸሁት እኔ መኩሪያ ነኝ።»

አማርኛው ያልገባቸው እንዳሉ ብዬ በጌዴኦኛ ደገምኩት። የመኩሪያ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

አባ ሮባ ሰማይ ሰማይ እያዩ፣ «አስተማሪው፣ በትክክል አንብቧል?» አሉት።

መኩሪያ ጣውላውን አየ። እኔን አየኝ። ቁልቁል ጫማውን አየ፣ ጫማ ከተባለ። አላነበበም ቢል የሚቀጥለው ቅዳሜ አለ፣ ከዚያም የሚቀጥለው፤ ዝናቡም ገና መሃሉ ነው።

«አዎ» አለ።

«አልሰማሁህም።»

«አዎ! በትክክል አንብቧል!»

አባቴ ቀና አለ። አባ ሮባ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ጣውላው ቀረቡ፣ ደካማ ዓይናቸውን አስጠግተው ቆዩ። «እንዲህ አጭር ሆኖ ይህን ሁሉ ይናገራል? ፊደል የሚባለው ነገር ለካ ኃይለኛ ነው» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ድምጥማጡን አጠፉት። «ቃልህን አድርሰሃል። ልጆቹን ውሰድ።»

መኩሪያ ሲወጣ አጠገቤ ደረሰና በጥርሱ፣ «አንተ ጋኔን» አለኝ።

«ያስተማረኝ ይወቀስ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ዲላ መንገድ ላይ ብንገናኝ አንዳችን ወደ ሌላው ጠርዝ እንሻገራለን። ውሸት አነበብክ የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፤ እኔ በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ እውነት አንብቤ አላውቅም። ገበያ ላይ ያ ስም ቀረ፣ ሚስትም አገባሁ፣ ዛሬ ሶንጎ ላይ ስናገር ሰው ያዳምጠኛል።

ዘንድሮ መኩሪያ ሞተ። ቀብሩ ላይ ተገኘሁ፣ ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ከገጠር ልጆችን እየፈለገ ያስተማረ» የሚል ሰማሁ። ልጆች! አንድ ልጅ ነው፣ እሱንም ተፈርዶበት ነው። ላሰማ ብዬ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አጠገቤ የቆመ አንድ የዲላ ሰው አየኝና፣ «እርስዎ ዘመዱ ነዎት?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ የሚያውቁት በምን ነው?»

ብዙ የምለው ነበረኝ፣ ግማሹ ስድብ ነው። ሰውዬው መልሴን ይጠብቃል። እኔ ደግሞ አታላይ አይደለሁም።

«አስተማሪዬ ነበር» አልኩት፤ ሲመረኝ ሲመረኝ።